ማን አመጣው የማይባልበት ግቢ

እትዬ መጋዝ ነው የሚሏት። አናጢ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምላሷም እንደ መጋዟ ሲሄድም ሲመለስም ይቆርጣል። አንድ ጊዜ መስኮት አሠርቶ "ትንሽ ጠመም አላለም?" ያላትን ሰውዬ፣ "መስኮቱስ ቀጥ ብሏል፤ አንገትህን ለሐኪም አሳየው" ብላዋለች። ሰውዬው ዛሬም ድረስ በደጇ ሲያልፍ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነው።

ሙያውን የወረሰችው ካባቷ ነው። አባትየው ወንድ ልጅ አልወለደም። ሰዎች "ምን ይሻልሃል፣ መዶሻህን ማን ያነሳልሃል?" ሲሉት፣ "እንዴ! ሴት ልጅ እጅ የላትም?" ይል ነበር። ታናሺቱ ልጁ እንጨት በነካች ቁጥር ስንጥር ይገባባትና ታለቅሳለች፤ ታላቂቱ ግን ገና የወተት ጥርሷን ሳትጥል መላጊያ መግፋት ጀመረች። ሁለቱንም ይወዳቸው ነበርና ለቤቱ ከወፍራም ጥድ አንድ በር ሠራ፤ ታች ጥጉ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ወፎች ቀረጸበት። "አንዷ አንቺ ነሽ፣ አንዷ እህትሽ። እኔ ብሞት እንዳትለያዩ" አላቸው። እሱም ሞተ፤ ታናሺቱንም ጦርነቱ ወሰዳት፤ በሩም ተነቅሎ ሄደ። ለእትዬ መጋዝ የቀረችላት የእህቷ ልጅ ብቻ ናት። ልጅቷ አሁን ከአክስቷ በራስ ትበልጣለች፣ ግን በሕፃንነቷ ሚጢጢ ብለዋት ሚጢጢ እንደተባለች ቀረች።

ጦርነቱ ያንን ሰፈር ሁለት ጊዜ አስለቅቆታል። የሸሸው ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ የቀረው ገብቶ የሚረባውን ያነሳል፤ እሱም በተራው ሲሸሽ የተመለሰው ያነሳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚነሳው ታዲያ በር ነበር። ሳህን ቢጠፋ በእጅ ይበላል፣ አልጋ ቢጠፋ መሬት ይተኛል፤ በር የሌለው ቤት ግን ሜዳ ነው። የራሱ በር የተቃጠለበት ሰው የጎረቤቱን ነቅሎ ይገጥማል። ሰላም ሆኖ ሰው ሲመለስ ሰፈሩ ግማሹ በሰው በር ተዘግቶ፣ ግማሹ መጋረጃ አንጠልጥሎ ተገናኘ። የወሰደው ደግሞ እንዳይታይበት ነቅሎ አልጋ ሥር ከተተው። ጎረቤቶች ደህና አደራችሁ ይባባላሉ፤ ዓይናቸው ግን ሰላምታው ላይ አይደለም፣ አንዱ የሌላውን ጓዳ ይበረብራል።

ስብሰባ ተጠራ፣ ተመከረ፣ ሽማግሌ ተላከ። ወይ ፍንክች! እትዬ መጋዝ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ተነስታ "እናንተ ሰዎች፣ ሌባ ነኝ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሉ ቤታችን እንግባ" አለችና ነገሩን በራሷ መንገድ ያዘችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢዋን የቆርቆሮ በር ወለል አድርጋ ትከፍታለች። እሷ ወርክሾፗ ገብታ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ሬዲዮኗን ታስጮሃለች። የሰው በር ያለበት ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎም ቢሆን ተሸክሞ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይሄዳል። ሰኞ ዕለት ባለቤቱ መጥቶ በሩን ይለያል። እሷ የተሰነጠቀውን ትጠግናለች፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብታ ራሷ ወስዳ ትገጥምለታለች። የግቢው ሕግ አንድ ነው፤ ማን አመጣው አይባልም። ይህን የጠየቀ ሰው በሩን ትቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሰው ግን ፈሪ ነው። መጀመሪያ መስኮቷ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ እጀታውን ብቻ፣ ወይም አንዲት ማጠፊያ አስቀምጦ ይሰወራል። ትጮህ እንደሆነ፣ ትጠይቅ እንደሆነ ያዳምጣል። ዝም ካለች የሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ራሱ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፈሩ በር አንድ ባንድ ወደ ቤቱ ገባ።

እሷ ግን ታውቅ ነበር። ጀርባ መስጠት ምን ያደርጋል! የሁሉን ቤት የበር መቃን የለካችው እሷ ናት። የሰው በር ወደ ሌላ ሰው መቃን ሲገባ አይስማማም፤ ከላይ ይከረከማል፣ ከጎን ይላጋል። የተከረከመውን አይታ ይሄ ከማን ቤት እንደመጣ ወዲያው ይገባታል። ዐውቃ ሆዷ ውስጥ ትቀብረዋለች። ሆድ ይፍጀው ማለት እሷ ዘንድ አባባል ሳይሆን የዕለት ሥራ ነበር።

የራሷ ቤት ግን ባለ መጋረጃ ነው። ሰው ይስቅባታል። "ያናጢ ቤት በመጋረጃ!" ይሏታል። አንድ ቀን ተኩል ቢፈጅባት ነው ሌላ መሥራት፤ አልሠራችም። "የኔ በር መንገድ ላይ ነው፤ ይመጣል" ትላለች። ያባቷን በር፣ ያንን ባለ ሁለት ወፍ፣ አንዱ ቤት ውስጥ እንዳለ ልቧ ይነግራታል። እሱ እስኪመጣ ንፋስና አቧራ ቢገባም፣ የጎረቤት ድመት ያለፈቃድ ቢመላለስም ችላ ተቀመጠች። የምትፈልገው ነገር ቢኖር እሱን ነው።

ሚጢጢ ታዲያ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ አገር የሚያቋቁሙ ወጣት መሪዎችን እናፈራለን የሚል አንድ ፌሎሺፕ የሚሉት የሥልጠና ፕሮግራም መጣ። ሚጢጢ አመለከተች፤ ከስንት ሰው ተመርጣ ገባች። ስድስት ወር እዚሁ ከተማ ሥልጠና ነው፤ በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጡት ደግሞ ለአንድ ዓመት ባሕር ማዶ ይላካሉ። የእትዬ መጋዝ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ልጄ መሪ ልትሆን ነው እኮ" ትላለች። "ማንን እንደምትመራ እንጃ፤ እኔን ግን ካሁኑ ጀምራኛለች። ትናንት 'እቴቴ፣ ሰው ሲናገር አታቋርጪ' አለችኝ።"

ልጅቷ ፌሎሺፑ የዕርቅ ታሪክ ከየሰፈራችሁ አምጡ እንዳላቸው ነገረቻት። "የግቢሽን ነገር ልናገረው?" አለቻት።

"ተናገሪው። ምን ነውር አለው? ሌላም ሰፈር ይማርበት።"

ከዚያ ወዲያ ከሥልጠና ስትመለስ የእንጨት ፍቅፋቂው ክምር ላይ ቁጭ እያለች ትጠይቃለች። እትዬ መጋዝ እንጨት እየላገች ትመልሳለች። ዓመታት ሙሉ የተቀበረ ነገር መውጫ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንድ ቀን እንዲያውም የመምህርቷን በር ነገረቻት።

መምህርቷ ጡረታ የወጣች የሰፈሩ አስተማሪ ናት፤ የእትዬ መጋዝ የልብ ወዳጅ። አንድ ልጅ ነበራት። የልጁን ቁመት በየልደቱ አረንጓዴው በሯ ጀርባ ላይ በቢላ ትጭር ነበር። በጦርነቱ እሷ ስትሸሽ ልጁ ተለይቷት ቀረ። በኋላ እግሩ ቆስሎ ቤቱ ሲመለስ ቤቱ በር የለውም፤ ወለል ብሎ ከመንገድ ይታያል። መደበቂያ ሲያጣ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፣ እዚያ ገደሉት። መምህርቷ እስከ ዛሬ ድረስ "በሩ ቢኖር ልጄ ቆልፎ ይቀመጥ ነበር" ትላለች። በሩን ነቅሎ የወሰደው ደግሞ ከግድግዳዋ ማዶ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ምጥ ላይ ነበረች፣ ውጭው ተኩስ ነበር፣ የሱ በር ተቃጥሎ ነበር፤ ባዶ ቤት አየና ነቀለ። ልጁ እንደሚመለስ በምን ይወቅ? በኋላ ግን ሰማ። በሩን እንደ ሌላው ሰው ቅዳሜ አላመጣውም፤ በጠራራ ፀሐይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ መጥቶ እትዬ መጋዝ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

"እትዬ፣ ለመምህርቷ ልንገራቸው ይሆን?" አላት።

"ብትነግራት ልጇ አይነሳላት። አንተን ግን ታጣለች፤ ሌላ ማን አላት? ሂድና ጎረቤት ሁናት።"

ሆናትም። ውሃዋን ይቀዳል፣ ጣሪያዋን ይደፍናል፤ የዚያን ቀን የተወለደችውን ልጁን መምህርቷ ራሷ ፊደል አስቆጠረቻት። አጥራቸው መሃል መተላለፊያ ከፍተው እንደ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

"ይቺን ግን እንዳትናገሪ" አለቻት እትዬ መጋዝ፣ መላጊያውን አቁማ። "ሌላውን ሁሉ ተናገሪ፤ ይቺ ላንቺ ብቻ ናት።"

"እሺ እቴቴ። በናቴ አፈር!" አለች ሚጢጢ።

የሥልጠናው ማብቂያ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ሬዲዮው እየጮኸ እትዬ መጋዝ ዞር ብትል ጠረጴዛዋ ላይ የነሐስ እጀታ ተቀምጧል። አነሳችው፤ ያባቷ ነው። ልጅ ሆና የጥርስ ሳሙና እየቀባች ስትወለውለው የኖረችው እጀታ ነው። ይዛው ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ ብታይ ኖሮ የሚሄደውን ሰው ጀርባ ታየው ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሬዲዮውን ይብስ አስጮኸችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ይመጣል! ከደስታዋ ብዛት የቤቷን መቃን ቀለም ቀባችው።

የሚጢጢ ምረቃ ግን ከቅዳሜው በፊት ሐሙስ ላይ ዋለ። ፌሎሺፑ አውቶቡስ ልኮ ሰፈሩን በሙሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ አስመጣው። የፊት ወንበር ተሰጣቸው፣ የታሸገ ውሃ ታደላቸው። መምህርቷ ነጠላ ጫማዋን ትታ የማስተማሪያ ጫማዋን አድርጋ መጥታለች፤ ልብስ ሰፊው ቦርሳዋን ይዞላት አጠገቧ ተቀምጧል። እትዬ መጋዝ ከነሱ ቀጥላ ናት። እጀታውን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ይዛዋለች፤ ከምረቃው በኋላ ለልጇ ልታሳያት።

ሚጢጢ መድረክ ላይ ወጣች። እንዴት አምሮባታል! መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ ፊልም መጣ። ሰው የለበትም፤ በር ብቻ ነው። አንድ በር ይታያል፣ የሚጢጢ ድምፅ ታሪኩን ይናገራል፤ ሌላ በር ይታያል፣ ይናገራል። እዚህኛው ቤት የነበረው የማን እንደነበር፣ ለምን እንደተወሰደ፣ እንዴት እንደተመለሰ። ስም አልተጠራም። ምን ይጠራል? በሮቹን ባለቤቶቻቸው እዚያው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩዋቸው ነው። ከኋላ አንዱ "ውይ፣ የኛ!" አለ። ጎኑ ያለው ጉንጩን ያዘ። ወንበሮቹ ይንቋቋ ጀመር።

ከዚያ አረንጓዴው በር መጣ። ካሜራው ከታች ጀምሮ የቢላውን ጭረት እያየ ወደ ላይ ወጣ፤ መጨረሻው ጭረት ላይ ቆመ። "የዚህች እናት ልጅ ሲመለስ ቤቱ በር አልነበረውም" አለ የሚጢጢ ድምፅ። "በሩን የወሰደው ከግድግዳው ማዶ የሚኖር ሰው ነበር። ዛሬ የሱን ልጅ የምታስጠናው እሷ ናት። እስካሁን አታውቅም። ዕርቅ ማለት ይህ ነው።"

ፌሎሺፑ የጠራቸው እንግዶች ተነስተው አጨበጨቡ። ባጠገባቸው የነበረችው የፌሎሺፑ አስተባባሪ እንባዋን ትጠርጋለች። ልብስ ሰፊው የመምህርቷን ቦርሳ ወንበሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ ሰው እያጨበጨበ ሳለ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

መምህርቷ ወደ እትዬ መጋዝ ዞረች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ተማሪ የምትጠይቅበት ድምፅ ነው።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"በሬን ያነሳ እጁ አይዳን እያልኩ ስራገም አጠገቤ ተቀምጠሽ አሜን ትዪኝ ነበር።"

መምህርቷ ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

እትዬ መጋዝ ልጅቷን ከአዳራሹ ኋላ አገኘቻት፤ አበባ ታቅፋለች።

"ፊት አላሳየሁም፣ ስም አልጠራሁም፣ እቴቴ!" አለች ሚጢጢ ገና ሳትጠየቅ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚያ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው ያለሽ ማነው? ያንን አረንጓዴ በር የማያውቅ ድመት እንኳ አለ? እሺ እሱስ ይሁን፣ አላወቅሽም እንበል። ያቺኛዋን ተዪ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"በናቴ አፈር አላልሽኝም?"

ሚጢጢ አበባውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። "ሌሎቹን ስነግራት አስተባባሪዋ ታዛጋ ነበር። ያቺን ስነግራት አለቀሰች። ያቺ ታሪክ ባትኖር አልመረጥም ነበር እቴቴ፣ እወቂልኝ።"

"ተመረጥሽ?"

"ተመረጥኩ።"

"እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ" አለች እትዬ መጋዝ። መሐረብ ውስጥ ያለውን እጀታ ግን አላወጣችውም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን ነው ሰፈር የደረሰው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ጥሎ እንደሚረግጥም ግን የነገራት አልነበረም። እህቷ ሞታ ያላለቀሰችውን ያህል መጋረጃዋን ጥላ አለቀሰች። "ከዳችኝ" አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። "ያሳደግኳት ልጅ ሸጠችኝ።"

ቅዳሜ ግቢውን ከፈተች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ሬዲዮውን አስጮኸች። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ ቁጭ አለ። "የኛን እያወቀች ስትስቅብን ኖረች" አሉ በሩን ያገኙት። "ሬዲዮ እያስጮኸች በቀዳዳ ታየን ነበር" አሉ የመለሱት። ሁለቱም ወገን እሷን በመጥላት ታረቀ፤ እንግዲህ ፌሎሺፑ የፈለገው ዕርቅ ይኸው! ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናውን ጭኖ ሚስትና ልጁን ይዞ ሰፈሩን ለቀቀ። መምህርቷ የአጥሩን መተላለፊያ በቆርቆሮ አስመታችው፤ ሚስማሩን የመታው ከሌላ ሰፈር የመጣ አናጢ ነው። እትዬ መጋዝ የመዶሻውን ድምፅ ከወርክሾፗ ሆና ሰማችው።

ሚጢጢ ከመሄዷ በፊት ለስንብት መጣች። አክስቷ ቀና ሳትል እንጨቷን ላገች። ከባሕር ማዶ ስልክ ስትደውል ግን አንድ ቀን አነሳችላት።

"እቴቴ፣ ይቅር በይኝ። ደህና ነሽ? እኔ ትምህርት ላይ ነኝ። አሁን እንኳ መተማመን እንዴት እንደሚገነባ እያስተማሩን ነው።"

"እሱስ ጥሩ ትምህርት ነው" አለች እትዬ መጋዝ። "ማፍረሱን ያለ አስተማሪ ችለሽው ነው የሄድሽ።"

ስልኩ ውስጥ ልቅሶ ተሰማ። አንጀቷ ላንዳፍታ ባባ፤ ልጅ ናት እኮ፣ የእህቷ ልጅ። ቢሆንም "አይዞሽ" ሳትላት ስልኩን ዘጋችው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀራት፤ በሩ። እጀታውን ያመጣ ሰው በሩን ያመጣል። ፈርቶ ቢዘገይ ነው እንጂ፣ እኔ እንዳልጠየቅኩ አይቷል፣ ፊቴን እንዳዞርኩ አይቷል፤ እሱ እንኳ ያውቃል። ይህን እያለች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከፈተች። ቀለም የተቀባው መቃን ባዶውን ቆሞ አቧራ ጠጣ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከሬዲዮው ጩኸት መሃል ጠረጴዛው ላይ ብረት ሲወድቅ ሰማች። እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የሄደው በደንብ እስኪሄድ ጠበቀች። እየሳቀች ነበር ዞር ያለችው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማጠፊያዎች አሉ። ጠቁረዋል፤ እሳት በልቷቸዋል። ሚስማሮቹ አልወጡም፣ ጫፋቸው ላይ ከሰል ተጣብቋል። ከማጠፊያዎቹ አጠገብ ደግሞ ሆን ተብሎ ከእሳቱ የተለየ የእንጨት ቁራጭ ተቀምጧል፤ ጥድ ነው፣ ከመዓዛው ታውቀዋለች። አንድ ወፍ አለበት። ጎኑ የነበረው ተሰንጥቆ ሄዷል።

እትዬ መጋዝ ቁራጩን ይዛ መንገድ ወጣች። ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነው። ጢሙን የሚላጭም አለ፣ ልብስ የሚያሰጣም አለ፣ ወሬ የሚያወራም አለ። ወፉን ከፍ አድርጋ ያዘችና በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

"ማን አመጣው?"

ጢሙን የሚላጨው ምላጩን አስቀመጠ።

"እናንተ ሰዎች! በሞቴ! ማነው ያመጣው?"

አንዱ ዘወር አለና ቤቱ ገብቶ ዘጋ። ልብስ የምታሰጣው ቅርጫቷን ትታ ገባች፣ ዘጋች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ገባ፣ ማዶም እንዲሁ፤ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ በሩ ሁሉ አንድ ባንድ ተዘጋ። አንዱም ሲዘጋ ድምፅ አላሰማም። ማጠፊያዎቹን ሁሉ ዘይት የቀባቻቸው እሷ ናት።